ለድግሱ ብር ላኪ ተባልኩ

የሲስተር ገጽ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ውድ አንባቢዎቼ፣ ጥር ሲቃረብ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች መልካቸው ይለወጣል። የሠርግ ወር ነዋ። ዘንድሮ ከመጡት ውስጥ አራቱን መርጫለሁ። አራቱም ያለ ዕድሜ ስለሚደረግ ጋብቻ ናቸው። የጻፊዎቹን ስምና ቀበሌ ትቻለሁ። ረዘም ያሉትንም አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ «ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከሪያድ ነው። ሰው ቤት ነው የምሠራው። አገሬ ምዕራብ ጎጃም ነው። አንዲት ታናሽ እህት አለችኝ። 14 ዓመቷ ነው፤ ሰባተኛ ክፍል ናት። ባለፈው ሳምንት እናቴ ደወለችና ‹እህትሽ ታጭታለች። ለጥር ነው። ለድግሱ 120 ሺህ ብር ላኪ› አለችኝ። በሬ ይታረዳል፣ ድንኳን ይተከላል። ልጁ መሬት ያለው፣ የደህና ሰው ልጅ ነው አሉ። እኔንም የዳሩኝ በ15 ዓመቴ ነው። በተዳርኩ በሁለት ዓመቴ ፈትቼ ባሕር ዳር ሰው ቤት ገባሁ። ከዚያ ወደዚህ ወጣሁ። አሁን እምቢ ብል እናቴ ‹እህትሽን ቆማ ቀር ልታደርጊያት ነው› ትለኛለች። አባቴ ይረግመኛል ብዬም እፈራለሁ። ብሩ አለኝ። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ «ብሩ አለኝ» ያልሽው ላይ ቆምኩ።

ለድግሱ አትላኪ። ይህን መጀመሪያ ልበልሽና ምክንያቱን ቀስ ብዬ ልንገርሽ።

እኔን የዳሩኝ በ1966 ዓ.ም. ጥር ውስጥ ነው። 12 ዓመቴ ነበር። በቅሎዋ ደጃችን ላይ ታስራ ሳያት ለጥምቀት የመጣ እንግዳ ያለ መስሎኝ ነበር። ከጥሎሹ ውስጥ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ ያለው ኮንጎ ጫማው ነው። ለእግሬ ሰፊ ስለነበር አክስቴ ጫፉ ላይ ጨርቅ ወተፈችበት። ማታ ሚዜው አዝሎኝ ሲወጣ ጀርባው ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ሽማግሌዎቹ ገደብ አስረው ነበር። ገደብ ማለት ልጅቷ ለአቅመ ሔዋን እስክትደርስ ባልየው እንዳይነካት የሚገባ ቃል ነው። ያ ገደብ አንድ ክረምት እንኳ አልዘለቀም። ከዚህ በላይ አልጽፈውም።

ያኔም ቢሆን ሕግ ነበረ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ ከ15 ዓመቷ በፊት አትዳር ይል ነበር። እኛ መንደር ግን የሰማው አልነበረም። በሁለተኛው ዓመት ጠፍቼ ባሕር ዳር ዘመድ ቤት ገባሁ። እዚያ ተማርኩ። አዋላጅ ነርስ ሆኜ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሠራሁ። ከ12 ዓመቷ ሙሽራ እስከ ነርሷ ያለው መንገድ አጭር አልነበረም። ያንቺንም መንገድ አውቀዋለሁ። ፈትቶ ከተማ መግባት፣ ሰው ቤት ማገልገል፣ ከዚያ ዓረብ አገር። የስንት ሴት ልጅ ታሪክ መሰለሽ።

አሁን ስለ እናትሽ። ክፉ ሰው አድርገሽ አትያት። የእኔም እናት ክፉ አልነበረችም። እናትሽ የምታስበውን ላስብልሽ።

መጀመሪያ ብድር አለባት። እናትና አባትሽ ስንት ሠርግ በልተዋል? ለስንት ጎረቤት እንጀራና ጠላ አድርሰዋል? ያ ሁሉ የሚመለሰው እነሱ በተራቸው ሲደግሱ ነው። ሳይደግስ የሚኖር ቤት እየበላ የማያበላ ይባላል። ስለዚህ ሴት ልጅ ያለው ቤት ሲደግስ ይጠበቃል። ለታላቂቱ ሲደግስ ታናሺቱንም በዚያው ድንኳን የሚድር አለ፤ ሁለት ጊዜ ላለመውጣት።

ከዚያ ደግሞ ፍርሃቱ አለ። ልጅቷ ጡቷ ጉች ጉች ሲል እናት እንቅልፍ ታጣለች። ውኃ ስትወርድ፣ እንጨት ስትለቅም፣ ትምህርት ቤት ስትሄድ ቢጠልፏትስ? ብትደፈርስ? ሳትዳር ብታረግዝስ? በተለይ ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ይብሳል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ያለው ወረዳ ከተማ ነው። ቤት ተከራይታ፣ ስንቅ ተሸክማ፣ ብቻዋን ልትኖር ነው። ብዙ እናት እዚህ ላይ ስትደርስ «ከምትበላሽብኝ በወግ በማዕረግ ልዳራት» ትላለች። በእናትሽ ዓይን ጋብቻው አጥር ነው።

ደግሞ ስሙ አለ። ቆማ ቀር። እኔ ይህን ቃል ስሰማ እስከ ዛሬ ያመኛል። የ16 ዓመት ልጅ ላይ ይለጠፋል እኮ! ቃሉ የሚጎዳው ልጅቷን ብቻ አይደለም። እናትየው ወንዝ ስትወርድ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትስም ይከተላታል።

ድህነት ብቻ ነው የሚያስድረው የሚሉ አሉ። በዚህ አልስማማም። ድህነት አለበት። አንድ አፍ ለመቀነስ ልጁን የሚድር አለ፤ ድርቅ በመታው አገር ደግሞ ይህ ይብሳል። ነገር ግን እኔን የዳረኝ አባቴ አምስት በሬ ነበረው። መሬት ከመሬት፣ ዘር ከዘር ለማገናኘት ነው የዳረኝ። ያንቺም ወላጆች «የደህና ሰው ልጅ ነው» ያሉሽ ለዚህ ነው። ልጅቷ የሁለት ቤት ማሰሪያ ትሆናለች።

እዚህ ውስጥ አንቺ የት እንዳለሽ ተመልከቺ። ድሮ ሠርጉን የሚያዘገየው አዝመራው ነበር። ጤፉ ካልሰመረ፣ በሬው ከሞተ፣ ሠርጉ ለከርሞ ይተላለፋል። በዚያች አንድ ዓመት ስንት ልጅ ተርፋለች። አሁን ጎደሎውን የሚሞላው የዓረብ አገር ብር ሆኗል። እናትሽ ቀኑ ሳይደርስ የደወለችው ለአንቺ ነው። በሬውም ድንኳኑም በአንቺ እጅ ነው ያለው። ስለዚህ «እኔ ሩቅ ነኝ፣ ምን አቅም አለኝ» አትበይ።

አንድ ነገር ልንገርሽ። በአማራ ክልል ሞሰቦ በሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 «ብርሃነ ሔዋን» የሚባል ሥራ ተሞክሮ ነበር። ለልጃገረዶቹ ደብተርና እስክሪብቶ ይሰጣቸዋል። በቡድን እየተሰበሰቡ ይማራሉ። ልጁን ሳይድር እስከ መጨረሻው የቆየ ቤተሰብ ደግሞ በግ ወይም ፍየል ይሰጠዋል። በኋላ ሲጠና ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጃገረዶች የመዳር ዕድላቸው፣ ሥራው ካልደረሰባት መንደር ጋር ሲነጻጸር፣ ወደ አንድ አሥረኛ ወርዶ ተገኘ። በአንድ በግ! በጉ ብቻውን ነው አልልም፤ ደብተሩም ጓደኞቹም አሉበት። ነገር ግን ወላጅ «እምቢ አልድርም» ለማለት በእጁ የሚይዘው ነገር ሲያገኝ ይበረታል። አንቺ የተጠየቅሽው የስንት በግ ዋጋ ነው?

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ስልክ ላይ አትጣዪ። «ለድግሱ የለኝም፤ ለትምህርቷ ግን አለኝ» በይ። ከዚያ ቃልሽን በተግባር አሳዪ። ወረዳ ከተማው ላይ የምታምኚው ዘመድ ካለ፣ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ እዚያ የምትቀመጥበትን ኪራይ አንቺ ክፈዪ። ብቻዋን ክፍል ተከራይታ ከምትኖር ከዘመድ ጋር ብትሆን የእናትሽ ፍርሃት ይቀንሳል። ፍርሃቱ እውነት ነውና አትናቂው። ለእናትሽ ደግሞ አንዲት ጊደር ግዢላት። «ልጄ ላከችልኝ» ብላ ለጎረቤት የምታሳየው ነገር ይኑራት። በባዶ እጅ «አትዳሪያት» ብትያት አፍራ ትቀራለች።

የንስሐ አባታችሁን አነጋግሪ። አባትሽ የአንቺን ባይሰማ የሳቸውን ይሰማል። ስልካቸውን ከወንድምሽ ወይም ከአጎትሽ ውሰጂ። ከሽማግሌዎቹ ውስጥ ልጁን ያስተማረ ካለ እሱንም ያዢው። ቀጠሮው ይሰረዝ ካልሽ ሰው ያፍራል። «ትምህርቷን ትጨርስና ያን ጊዜ እንነጋገር» ብሎ ማሸጋገር ግን ለሁለቱም ወገን ይቀላል።

ሳይሆን ቢቀር ሕጉ አለ። ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት ብሏል። ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር፣ ለቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ለወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይቻላል። ከሪያድም ሆነሽ ይቻላል። ሰው ጠይቀሽ ስልካቸውን አግኚ።

አንድ ነገር ግን ቅር አለኝ። ደብዳቤሽ ላይ እናትሽ ያለችው አለ፤ አባትሽ የሚለው አለ። እህትሽ ያለችው የለም። ደውዪላት። እናትሽ በሌለችበት ሰዓት፣ ከጎረቤት ስልክም ቢሆን። «አንቺስ?» በያት። እኔን በ1966 የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አንቺንም የጠየቀሽ ያለ አይመስለኝም።

የአባት እርግማን እፈራለሁ ብለሻል። አባትሽ ይቆጣ ይሆናል። የእኔ አባት ሰባት ዓመት አላናገረኝም። ነጭ ጋውን ለብሼ ካየኝ በኋላ ግን ገበያ ላይ ላገኘው ሁሉ «ልጄ እኮ ሐኪም ናት» ይል ነበር። ነርስ ነኝ ብለው እንኳ አልሰማም።

ጥያቄ፦ «ሲስተር፣ ደቡብ ጎንደር ውስጥ አስተምራለሁ። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዬ ልትዳር መሆኑን በምስጢር ነገረችኝ። ወላጆቿ ‹18 ዓመት ሞልቷታል› የሚል ወረቀት አስይዘዋል። 15 እንኳ እንዳልሞላት እኔ አውቃለሁ። ድግሱን ሰው ሲጠይቃቸው ‹ማኅበር ነው› ይላሉ። ልጅቷ ደግሞ ‹አባቴን እንዳታሳስርብኝ› ብላ አለቀሰች። ዝም ብል ሕሊናዬ፣ ብናገር እሷ። ምን ይሻላል?»

መልስ፦ መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። ምስጢሯን ለአንተ የነገረችህ እንድታስቆምላት ነው። አባቷ እንዲታሰር ግን አትፈልግም። ሁለቱንም ማድረግ ይቻላል፤ ድግሱ ሳይደርስ ከተነሣህ።

ያለ ዕድሜ ጋብቻ መፈጸም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ያስቀጣል። ልጅቷ 13 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት። ቅጣቱ የሚመጣው ጋብቻው ሲፈጸም ነው። ጋብቻው ከመፈጸሙ በፊት ከታገደ እኔ ያየሁት አብዛኛው በማስጠንቀቂያና በፊርማ ያልቃል። ይህን ለልጅቷ አስረዳት። ዛሬ መናገር አባቷንም ያድነዋል በላት። ዐቃቤ ሕግ ዕድሜዋን ምክንያት አድርጎ ጋብቻው እንዳይፈጸም መቃወም ይችላል። ከተፈጸመም በኋላ ዐቃቤ ሕግ ወይም ያገባኛል ያለ ሰው ጠይቆ ይፈርሳል። 18 ከሞላት በኋላ ግን በዚህ ምክንያት አይፈርስም። ቀኑ እየሄደ ነው ማለቴ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ይህን ነገር ከውስጥ አውቀዋለሁ። በአገራችን ልደት በሥርዓት መመዝገብ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ተማሪህ ከዚያ በፊት ነው የተወለደችው። የልደት ወረቀት የላትም። ስለዚህ ዕድሜዋን ጤና ጣቢያ «ገምቱ» ይባላል። እኛ ደግሞ የምንገምተው ጥርስ አይተን፣ ቁመት አይተን፣ ደረት አይተን ነበር። ረዘም ያለች የ14 ዓመት ልጅ 18 ትመስላለች። ታላቅ እህቷን አቅርበው በታናሺቱ ስም ያስመረመሩም ገጥመውኛል። ልጅቷ ስሟን ስትጠየቅ አንዴ ቆም ስትል ያኔ ነው የምንነቃው። ያልነቃንባቸው ስንቶቹ እንደሆኑ እግዜር ይወቅ። ስለዚህ ወረቀቱን አይተህ እጅህን አትስጥ። በእጅህ ከዚያ የሚበልጥ ወረቀት አለ። አንደኛ ክፍል ስትገባ የተመዘገበችበት መዝገብ እናንተ ጋ ነው። ያኔ ዕድሜዋን የተናገሩት ራሳቸው ወላጆቿ ናቸው። የክትባት ካርድም ካለ ይፈለግ። የክርስትና እናቷንም ጠይቅ። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች፤ ክርስትና እናት ያችን ቀንና ያን ዓመት አትረሳም።

ስሟ እንዳይነሣ ተጠንቀቅ። ጥቆማው ከትምህርት ቤቱ እንደመጣ ይሁን። ርእሰ መምህሩና የልጃገረዶች ክበብ ኃላፊዋ አብረውህ ይፈርሙ። ብቻህን አትሂድ። አንተም እዚያው ቀበሌ ነው የምትኖረው።

ከታገደ በኋላ ሰኞ ጠዋት ክፍል ውስጥ መኖሯን ተመልከት። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ነው። ድግሱ ቆመ ብለን ደስ ይለናል፤ ልጅቷ በሰኔ ሌላ ቀበሌ አክስት ቤት ተወስዳ በጸጥታ ትዳራለች። ትምህርት ቤት መቀመጧ ነው የሚጠብቃት። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሽማግሌ ይላካል። በ2012 በኮሮና ጊዜ አይተነዋል። አሁንም በክልላችን በግጭቱ ምክንያት ደወል መስማት ያቆሙ መንደሮች አሉ። እዚያ ያሉትን ሴት ልጆች ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

በ2008 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ20 እስከ 24 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች ከመቶ 40 ያህሉ 18 ሳይሞላቸው ነበር ያገቡት። 14 ያህሉ ደግሞ 15 ሳይሞላቸው። ነገ ክፍል ስትገባ ከፊት ረድፍ የተቀመጡትን አሥር ሴት ልጆች እያቸው።

ጥያቄ፦ «ሲስተር፣ ዲያቆን ነኝ። ዕድሜዬ 22 ነው። ቅስና ልቀበል ነው፤ ከዚያ በፊት በቁርባን ማግባት አለብኝ። ቤተሰቦቼ የመረጡልኝ ልጅ 13 ዓመቷ ነው። ‹ካደገች ድንግልናዋ አይታመንም› ይላሉ። እኔ ደግሞ ልጅቷን ሳያት የታናሽ እህቴ እኩያ ናት። ልቤ አልፈቀደም። እምቢ ብል ግን ‹ክህነት አይፈልግም› ይሉኛል።»

መልስ፦ ልጄ፣ ልብህ ትክክል ነው። አትጠራጠር።

ቤተ ክርስቲያን ቄስ የሚሆን ሰው ድንግል ያግባ ትላለች እንጂ ሕፃን ያግባ አትልም። ሁለቱን አንድ ያደረጓቸው ሰዎች ናቸው። ብዙ የገጠር ካህናት ሚስቶች በልጅነታቸው የገቡት በዚህ ምክንያት ነው። 18 እና 20 ዓመት የሞላቸው፣ ራሳቸውን የጠበቁ ልጆች በየሰንበት ትምህርት ቤቱ አሉ። ከአንተ ጋር ቅዳሴ የሚያስቀድሱ። እነሱን ለምን አታይም? የሚጠበቀው አንድ ሁለት ዓመት ቢሆን ነው። ድቁናህ የትም አይሄድም።

ሽማግሌዎቹ ፊት ስትቀርብ ሁለት ነገር ተናገር። አንደኛው፣ የቁርባን ጋብቻ እንደ ሰማንያው በየምክንያቱ አይፈታም። የ13 ዓመት ልጅ ዕድሜ ልክ የሚታሰር ቃል ስትገባ ምን እንደምትገባ ታውቃለች? ሁለተኛውን አንተ ከእኔ ይበልጥ ታውቀዋለህ። ቄስ ሚስቱ ብትሞትበት ክህነቱን ይዞ ሌላ አያገባም። እኔ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ነው የኖርኩት። የ14 እና የ15 ዓመት ልጅ ምጥ አውቃለሁ። ቁመቷ ሊያድግ ይችላል፤ የዳሌዋ አጥንት ግን ገና እያደገ ነው። ደም ግፊቱ ይነሣባታል፤ ምጡ ይረዝምባታል። በዓለም ዙሪያ ከ15 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጃገረዶችን ከሚገድሉ ዋና ዋና ነገሮች አንዱ እርግዝናና ወሊድ ነው። «ድንግል እንድትሆን» ብለው ሕፃን የሚሰጡህ ሰዎች በ24 ዓመትህ ሊያመነኩሱህ ይችላሉ። እንዲህ ብለህ ንገራቸው። ይህን ሰምተው ዝም ያሉ አንድ መሪጌታ አይቻለሁ። ልጃቸውንም አቆይተዋታል።

ለልጅቷ ቤተሰብ ደግሞ አንተ ራስህ «ልጄን ናቀ» እንዳይሉ መልእክት ላክ። «ትማር፤ እኔ የምናገረው ለደህንነቷ ነው» በል። ያለዚያ ለሌላ ዲያቆን ይሰጧታል።

ጥያቄ፦ «ሲስተር፣ እህቴ 17 ዓመቷ ነው። በ15 ተዳረች። የመጀመሪያ ልጇን ሦስት ቀን አማጠች፤ ልጁም ሞቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሽንቷ አይቆምም፤ ሌሊትም ቀንም ይፈስሳል። አንድ እግሯም ይጎተታል። ባሏ ወደ እኛ መልሷታል። ከጓዳ አትወጣም። ጠበል ወስደናታል። እርግማን ነው የሚሉ አሉ።»

መልስ፦ እርግማን አይደለም። ፊስቱላ ይባላል። አብዛኛው በቀዶ ሕክምና ይድናል።

የሆነው ይህ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ የልጁ ጭንቅላት ፊኛዋን ከአጥንት ጋር አጣብቆ ይዞታል። ደም ሳያገኝ የቆየው ሥጋ ሞተ፣ ከዚያ ተቀደደ። ሽንቱ የሚፈስሰው በዚያ ቀዳዳ ነው። እግሯ የሚጎተተው ደግሞ ነርቯ ስለተጎዳ ነው፤ እሱም በስፖርት እየታገዘ ይሻሻላል። ፊስቱላ የሚይዘው በልጅነት የተዳረችውን ብቻ ነው ብለህ አታስብ። ሰባተኛ ልጇን ስትወልድ የገጠማት ሴትም አይቻለሁ። ምጥ ሲጠና ኦፕራሲዮን በሰዓቱ አለመድረሱ ነው ነገሩ። ግን ዳሌዋ ያልጠና ልጅ ምጡ የሚጠናባት እሷ ናት። «ሆስፒታል ውሰዱኝ» የማለት ድፍረትም የላትም። አማቷ «ጠብቂ» ካለቻት ትጠብቃለች።

የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1974 ነው የተቋቋመው። ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ይርጋለም፣ ሐረርና መቱም ቅርንጫፎች አሉት። ሕክምናው በነጻ ነው። እዚያ ስትደርስ እህትህ ብቸኛ አለመሆኗን ታያለች፤ አልጋው ሁሉ የእሷ ዓይነት ነው። ማሚቱ ጋሼ በልጅነቷ በምጥ ተጎድታ እዚያው አዲስ አበባ ለሕክምና የገባች ናት። ማንበብ እንኳ አትችልም ነበር። ቀዶ ሕክምናውን ተምራ ስንቱን ጠገነች፣ ስንቱን ሐኪም አስተማረች። ይህን ለእህትህ ንገራት።

ጠበሉን ተዉ አልልም። እምነቷ ነው። ሐኪሙን ግን አታዘግዩ። ከወሊድ በኋላ ብዙ ሳይቆይ የመጣች ሴት ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ በሽንት ቱቦ ብቻ ሊደፈንላት ይችላል። እህትህ ብትዘገይም ተስፋ አለ። ከዳነች በኋላ ደግሞ ብታረግዝ ቤት ውስጥ እንዳትወልድ፤ ሆስፒታል ነው።

አሁኑኑ የምታደርገው አንድ ነገር አለ። ውኃ አጠጣት። እንደ እሷ ያሉት ሽንቱ እንዲቀንስ ብለው መጠጣት ያቆማሉ። ያን ጊዜ ሽንቱ ይወፍራል፣ ሽታው ይብሳል፣ ገላዋንም ያቃጥለዋል። ብዙ ትጠጣ።

ለመንገዱ ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ ብዙ ያረጀ ነጠላና አንድ ላስቲክ ያዝ። ላስቲኩን ወንበሩ ላይ አንጥፈው፤ ነጠላውን ከላይ አድርገው። በጠዋቱ መኪና ሂዱ። ተሳፋሪ ያጉረመርም ይሆናል፣ ረዳቱም «ትውረድ» ይል ይሆናል። የሁለት ሰው ወንበር ክፈል። ከኋላ ብቻዋን አታስቀምጣት። አንተ አጠገቧ ተቀመጥ።